አሥረኛዋ ኮከብ

እኔ መዋሸት አልችልበትም። ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል፣ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ባሌ ገና አፌን ስከፍት "ተይው ሱንከማ፣ አይሆንልሽም" ይለኛል። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ አምሮልኝ ዋሽቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ቀን አንዲት ቃል ሳልሳሳት ተናገርኩ፤ ጠያቂው አመነኝ፣ አያቴ ግንባሬን ሳመችኝ፣ እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ነገሩ ስለ እርሻችን ነው። መንደራችን ራላኩንታ ትባላለች፤ የድንጋይ ኩሬ ማለት ነው። ኩሬው በዓመት ሦስት ወር ውሃ ይይዛል፣ ድንጋዩ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። እኔ ሳልወለድ የሞተው ወንድ አያቴ ከኮረብታው ሥር ያለውን ጠፍ መሬት አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ድንጋዩን በእጁ እየለቀመ አጸዳው። የለቀመውን በዙሪያው ካበው፤ ካቡ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። አባቴ ኩላያፓ በመጀመሪያው ዝናብ ኦቾሎኒ ይዘራበታል፣ በመስመሩ መሐል ደግሞ የርግብ አተር ጣል ያደርጋል። ኦቾሎኒው ከተነቀለ በኋላ አተሩ በብርዱ ወራት ብቻውን ቆሞ ያብባል። የምንበላው ከዚያ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረንም። ወረቀት ግን አልነበረንም። በመንግሥት መዝገብ ላይ መሬቱ ገና "ጠፍ" እንደተባለ ነበር።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው "ወረቀት" የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር አባቴ ጢሙን እንደሚነጭ ነው።

አንድ ጠዋት የመንደሩ ጸሐፊ ወንዶቹን ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ሲያወራ እኔ ዛፉ ላይ ነበርኩ፤ ለጥርስ መፋቂያ እየሰበርኩ።

"መንግሥት ሰማይ ላይ አንድ ነገር ሰቅሏል" አለ ጸሐፊው።

"ምን ሰቀለ ደግሞ?" አለ ጎረቤታችን ጋንጉላፓ።

"ሳተላይት ነዋ። የራሳችን፣ የሕንድ። ከወጣች ዓመቷ ነው። በየሃያ ሁለት ቀኑ በላያችን ታልፋለች፣ ረፋዱ ላይ። ከላይ ሆና መሬቱን ሁሉ ታያለች፤ የታረሰውንም ጦሙን ያደረውንም።"

"ሚስቴ ስትቆጣኝም ታያለች በለኛ።"

"እሱንማ እኛም ከየቤታችን እንሰማዋለን።"

ወንዶቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። "እሺ፣ ካየች በኋላስ?" አለ።

"ካየች በኋላማ፣ ሥዕሉን የያዘ ሰው ይመጣል። ሥዕሉ ልክ መሆኑን በየቦታው እየዞረ ይጠይቃል። የሚታረስ ተብሎ ከተጻፈ ላራሹ ወረቀት ይወጣለታል። ጠፍ ተብሎ ከተጻፈ መንግሥት ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። ስለዚህ ሰውዬው ሲመጣ አትጥፉ።"

ከዚህ ሁሉ እኔ ጋ የደረሰው "ሁሉን ታያለች" የሚለውና "ሰው ይመጣል" የሚለው ነው። ከዛፉ ወርጄ ሮጥኩና ለአያቴ ነገርኳት።

አያቴ ፔዳካ የአባቴ እናት ናት። ዳጉሳ እያበጠረች ነበር፤ ሰፌዷን አስቀመጠች። በቋንቋችን ሳተላይት የሚባልበት ቃል "ታናሿ ኮከብ" እንደ ማለት ነው። ኮከብ ስላችሁ የምታበራዋን አይደለም፤ ሰው ላይ የምታርፈውን፣ ከብት የምትጨርሰውን፣ ትዳር የምታፈርሰውን ነው። እንዲህ ያሉት ኮከቦች ዘጠኝ ናቸው። በቤተ መቅደሳችን ዘጠኝ ጥቋቁር ድንጋዮች ሆነው ቆመዋል፤ አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ቀብታ ዘጠኝ ጊዜ ትዞራቸዋለች።

"ዘጠኙ አልበቃ ብለው አሥረኛ ሰቀሉብን?" አለች። "ያውም ሁሉን የምታይ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር ጊዜ ዞረች። ካህኑ "እማማ፣ ተሳስተዋል፣ ዘጠኝ ነው" ቢላት፣ "አንተ ዜና አትሰማም እንዴ?" አለችው።

እዚህ ላይ ስለ ዓይን ካልተናገርኩ ያሳደገኝ ቤተሰብ እብድ ይመስላችኋል። በራላኩንታ የራሱን ነገር የሚያወድስ ሰው የለም። "አዝመራው እንዴት ነው?" ሲባል "የምን አዝመራ፣ ድንጋይ ነው" ይባላል። ላሚቱ ሁለት እንስራ ብትታለብም "ደርቃለች" ነው መልሱ። ሕፃን ይዘሽ ስትወጪ ጉንጩ ላይ ጥላሸት ነክተሽ "ይሄ ፉንጋ" እያልሽ ነው። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ድንጋይ ሲባል ጥሩ መሆኑ ይገባዋል። የማይገባው እንግዳ ብቻ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ይበልጥ መደበቅ አለበት፤ ዓይኑ ምን ዓይነት እንደሆነ አይታወቅማ።

እኛ ቤት ይህ ነገር ቀልድ አልነበረም። ከእኔ በታች ኦቡሌሱ የሚባል ወንድም ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሲሞላው አንዲት አምባር ሻጭ ደጃችን ቁጭ ብላ "እንዴት ያለ ድምቡሽቡሽ ልጅ ነው!" አለች። እናቴ ሊንጋማ "የምን ድምቡሽቡሽ፣ በሽተኛ ነው" ማለት ሲገባት ደስ አላትና ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አያቴ እናቴን አንድም ቀን አልወቀሰቻትም፤ ግን እናቴ ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ስትስቅ አላየሁም። ዛሬ ሳስበው ኦቡሌሱን የገደለው ኩሬው ነው። በዚያው ሳምንት በመንደሩ አራት ሕፃናት በተቅማጥ ሞተዋል። ያኔ ግን አራቱን አንድ ላይ ያሰባቸው አልነበረም። እኔም የማስታውሰው የአምባር ሻጯን ቃልና የእናቴን ሳቅ ብቻ ነበር።

ሥዕል የያዘው ሰው ይመጣል በተባለበት ወር እናቴ ስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። አያቴ ስለ ሆዷ እንዳላወራ አስምላኛለች። ከቤታችን በር ላይ ነጭ ዱባ ሰቀለች፣ እርሻው መሐል እንጨት ላይ ዓይንና ጥርስ የተሳለባት ማሰሮ ደፋች። እናቴ ለሽንት ስትወጣ እንኳ ረፋዱን አሳልፋ እንድትወጣ ታደርጋት ነበር። አሥረኛዋ የምታልፈው ረፋድ ላይ ነዋ።

ያን ሰሞን ሐሩሩ ጣራ ነክቷል። አንድ ጠዋት እናቴ ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ እንዳለች ደም ፈሰሳት። አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ጋሪው ላይ ጭድ አነጠፈና አስተኛት፤ ከተማ ሆስፒታል ሊወስዳት ነው። መንገዱ በጋሪ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ አውቶቡስ ነው። ሊነሣ ሲል ትከሻዬን ያዘኝ።

"ሱንኪ፣ ስሚኝ። ሰውዬው እኔ ሳልኖር ከመጣ እውነቱን ንገሪው። አያትሽ ድንጋዩን እንደለቀመ፣ ኦቾሎኒውን፣ አተሩን፣ ሁሉን። ምንም እንዳትደብቂ። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"እማዬ፣ አንቺም።"

"እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ሂድ አሁን" አለች አያቴ። እሷ ለአባቴ እምቢ ብላ አታውቅም፤ እሺ ትላለች፣ የራሷን ታደርጋለች።

ጋሪው ከኩሬው ማዶ ሲሰወር ወደኔ ዞረች። "አባትሽ ተጨንቆ ነው የሚቀባጥረው። ሴትዮዋ ደም እየፈሰሳት፣ ሆዷ ውስጥ ልጅ እያለ፣ ያን ሁሉ ሀብት ለአሥረኛዋ መልእክተኛ ዘርግፊ ይባላል? ምን ትያለሽ ቢጠይቅሽ?"

"ድንጋይ ነው እላለሁ።"

"ጎሽ። ምንም አይበቅልበትም በይ።"

ሰውዬው በማግሥቱ መጣ፣ ረፋዱ ላይ። ጂፑን ኩሬው ጋ አቁሞ ጋንጉላፓ መንገድ እያሳየው በእግሩ መጣ። ጋንጉላፓ ካቡ ጋ አድርሶት ወደ በጎቹ ሄደ። ቀጭን፣ ገና ወጣት፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ነበር። ስሙን ሱደርሰን እባላለሁ አለን። አንድ ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ሰሌዳው ላይ እርሳስ በክር ታስሯል። ከንፈሩ በሙቀቱ ተሰነጣጥቆ ስለነበር አያቴ አሬራ ሰጠችው። ጠጥቶ "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለና የተጠቀለለ ሥዕሉን ካቡ ላይ ዘረጋ፤ አራቱን ማዕዘን ወንድ አያቴ በለቀማቸው ድንጋዮች ያዘው።

ቀለሙ አስፈራኝ። ምድሩ ሁሉ ግራጫና ሰማያዊ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ደም የተንጠባጠበበት ይመስል ነበር።

"ጋሼ፣ ለምንድነው ቀይ የሆነው?" አልኩት።

ደስ አለው። ያን ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰለኝ። "ሳተላይቷ እንደኛ አይደለም የምታየው" አለኝ። "ሕይወት ያለው ቅጠል በሷ ዓይን ቀይ ነው። ቀይ ካየሽ እዚያ ሕይወት አለ ማለት ነው። ግራጫው ባዶ ነው።"

ሕይወት ያለውን ሁሉ በደም ምልክት እያደረገችበት ነው ማለት ነው። እሱ እርሳሱን ወደ አንዲት ቦታ ጠቆመ። የምስር ክክ የምታህል ፈዘዝ ያለች ቀይ ነበረች።

"እኔ ያልገባኝ ይቺ ናት። ይሄ ሥዕል የተነሣው በብርዱ ወራት ነው፤ እዚችው የቆምንባት ቦታ ቀይ አለ። አሁን ስመጣ ግን ባዶ ነው። ያኔ ምን ነበር እዚህ? ሰብል ነው ወይስ ቁጥቋጦ?"

"ምን ሰብል አለ ብለው ነው ጌታዬ" አለች አያቴ።

"እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ልጅቷ ትንገረኝ። ልጅ አይዋሽም።"

አያቴ እጄን ያዘች። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ምንም የለም፤ ነጭ ሙቀት ብቻ ነው። ግን እዚያ እንዳለች፣ እንደምትሰማኝም እርግጠኛ ነበርኩ። እናቴ ጋሪ ላይ እንደተኛች፣ ሆዷ እንዴት ወደ ላይ እንደነበር ታወሰኝ። ከላይ ለሚያይ ከዚያ የበለጠ ቀይ ነገር የት አለ?

"የመንግሥት እሾህ ነው" አልኩ።

የመንግሥት እሾህ የምንለው ማንም ሳይተክለው አገሩን የወረረውን ረጅም እሾህ ያለው ዛፍ ነው፤ ክረምት በጋ ለምለም ነው፣ ማንም አይፈልገውም።

"ታዲያ የት ሄደ?"

"ለማገዶ ቆረጥነው።"

"ኦቾሎኒ አትዘሩም?"

"ድንጋይ ላይ?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደግሞ ዞር ብሎ ካቡን አየ፤ በእጁ ዳሰሰው። "ይሄን ካብ ማን ካበው?"

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። አያቴ እጄን የያዘችበት እጅ ሲላላ ተሰማኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ካቡን ለሚክበው ባሏ ምሳ የዳጉሳ ገንፎ በቅጠል ጠቅልላ እዚህ ድረስ ስታመጣ የኖረችው እሷ ናት።

"ማንም" አልኩ። "ድሮም እንዲሁ ነበር።"

አያቴ ትንሽ ቆይታ እጄን መልሳ ጨበጠች።

"ማሰሮዋስ?"

"ልጆች ናቸው ለጨዋታ የሰቀሏት።"

"አባትሽ የለም?"

"የለም።" ሆስፒታል አልልም፣ ሆስፒታል ካልኩ ለምን ይለኛል፣ ለምን ካለኝ ሆዷ ይመጣል።

ራሱን ከጃንጥላው ሥር እያከከ ሥዕሉን አየ፣ መሬቱን አየ። "ይገርማል፣ ሥዕሉ ላይ ሰብል ይመስል ነበር" አለ ለራሱ። ከዚያ ለኔ፦ "አየሽ፣ በኛ ሥራ ሥዕልና መሬት ሲጣሉ የሚታመነው መሬት ነው።" እርሳሱን ጎተተና ጻፈ። እርሳሱ ሰሌዳው ላይ ሲሄድ ያሰማው ድምፅ ደስ ይል ነበር።

ሲሰናበተን ራሴን ዳሰሰኝ። "ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ትምህርትሽን እንዳትተዪ።"

አያቴ ወዲያው መሬት ላይ እንትፍ አለች። "የምን ጎበዝ አመጡ ጌታዬ፣ ደደብ ናት።"

ያን ሰው ልጠላው ሞክሬ አውቃለሁ። አልሆነልኝም። ባንዲት ጂፕ ስልሳ መንደር ማዳረስ ነበረበት፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር፣ ጠየቀ፣ የተነገረውን ጻፈ። ሌላ ምን ያድርግ?

በሳምንቱ አባቴና እናቴ ተመለሱ። እናቴ ደቅቃለች፣ ግን በእግሯ ወረደች፤ እቅፏ ውስጥ አንድ እፍኝ የማይሞላ ወንድ ልጅ ነበር። አያቴ ተቀብላ በሰፌድ አደረገችውና በቀጥታ ከቤታችን ጓሮ የቆሻሻ ክምር ላይ አስተኛችው። ጎረቤት የጋንጉላፓ ሚስት "ይሄ የተጣለ የማን ነው?" አለች። "የማንም አይደለም" አለች አያቴ። የጋንጉላፓ ሚስት አነሣችውና በአንድ እፍኝ እብቅ ለእናቴ ሸጠችላት። እንዲህ ያለ ልጅ ፔንታያ ይባላል፤ ቆሻሻዬ እንደ ማለት ነው። የተጣለን ነገር ማን ይመኘዋል?

አባቴ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ "ሰውዬው መጣ?" አለ።

"መጥቶ ነበር" አለች አያቴ።

"ምን አለ?"

"ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሄደ።"

"ነገራችሁት?"

"ሱንከማ ነገረችው። እንደ ትልቅ ሰው ነው የነገረችው።"

አባቴ አቀፈኝ። ላቡ የአውቶቡስና የጭድ ሽታ ነበረው። እኔ ደግሞ ያቀፈኝ ከአያቴ ጋር ተስማምቶ መስሎኝ ነበር፤ ሕፃኑን ያዳንኩት እኔ እንደሆንኩ ያወቀ መሰለኝ።

ዝናቡ መጣ። በሬዎቹ ቀንዳቸው ተቀብቶ የሚጠመዱባት ሙሉ ጨረቃ ደረሰች፤ አባቴ አረሰ፣ ዘራ። ኦቾሎኒው ሁለት ጣት ሲሞላ የባሕር ዛፍ ችግኝ የጫነ ትራክተር መጣ። ነጭ የተቀባ ችካል ይዘው ስምንት ሰዎች ወረዱ።

አባቴ የሮጠውን አሯሯጥ አልረሳውም። አለቃቸው ፊት ቆመና መጀመሪያ በትሕትና ተናገረ። አለቅየው አንድ መዝገብ ገልጦ በጣቱ እያስኬደ አነበበለት፦ "በቦታው ተገኝቶ ተረጋግጧል። እሾህ። ጠፍ።"

"ማነው ያረጋገጠው?"

"እኔ እንጃ፣ ያገሩ ሰው ነዋ።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ አንድ ኦቾሎኒ ከነሥሩ ነቀለ። አፈሩን አራግፎ ሰውዬው ፊት ዘረጋው። "ይሄ እሾህ ነው? በል ንካው። ይዋጋል?"

ሰውዬው አልነካውም። "እኔ ተካይ ነኝ ወንድሜ" አለ። "ካርታው ከሰማይ ነው የመጣው። እኔ ምን አደርጋለሁ?"

ሠራተኞቹ መጀመሪያ በመስመሩ መሐል እየተጠነቀቁ ይቆፍሩ ነበር፤ ቡቃያውን እንዳይረግጡ። ከሰዓት በኋላ ሲደክማቸው ጥንቃቄውን ተዉት። አባቴ ያቺን የነቀላትን ይዞ ካቡ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያልሄደበት ቢሮ የለም። በየሄደበት የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ካርታው ከሰማይ ነው የመጣው፣ ሰማይ አይሳሳትም። አባቴ ሰማዩን ማማት አልቻለም፣ ስለዚህ ሰው ፈለገ። ያን ቀን ከሰውዬው ጋር ሲሄድ የታየው ጋንጉላፓ ነበር። አንድ ቀን ጉድጓዱ ጋ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንገቱን አነቀው።

"አንተ ነህ እሾህ ያልከው!"

"ኩላያፓ፣ በልጆቼ ሞት፣ መንገድ ነው ያሳየሁት! ቃል አልተናገርኩም!"

"በምን ዓይንህ ነው ስታየኝ የኖርከው?"

እኔ ፔንታያን አዝዬ ቆሜ ነበር። ጉንጩ ላይ ጥላሸቱ ነበር፣ በጣቱ ጆሮዬን እየጎተተ ይስቃል። አልተናገርኩም። ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። አልፈራሁም። ሁሉም ነገር እንደተስተካከለ ነበር የማስበው፦ አሥረኛዋ ኮከብ አንድ ነገር መውሰዷ አይቀርም ነበር፣ ልጁን ትታ መሬቱን ወሰደች። ጥሩ ልውውጥ ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ እንዲያውም ከአያቴ ጋር ሄጄ አሥረኛውን ዙር ለምስጋና ዞርኩ።

እርሻ ከሌለ መንደር ምን ያደርጋል? ወደ ዳርማቫራም መጣን፤ ሐር ወደሚሸመንበት ከተማ። አባቴ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፣ እናቴ ሐር ታጠነጥን ጀመር፣ እኔ ትምህርቴን ትቼ ሽመና ገባሁ። ያደረግሁት ነገር የገባኝ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የተበጠሰ ክር እየቀጠልኩ ሳለሁ አባቴ ከበር ውጭ ለአንድ ሰው ስለ መሬቱ ሲያወራ ሰማሁት፤ "እሾህ ነው ያለ ሰው አለ" ሲል። መቶ ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነበር። ክሩ ከእጄ ወደቀ።

ልናገር ብዬ ተነሣሁ። አባቴ ጀርባው ላይ የጆንያው ቁስል ነበር፣ እናቴ ቅባት እየቀባችው ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነገ እላለሁ አልኩ። ጋንጉላፓ በዚያው ዓመት ሞተ፤ አባቴ አልቀበረውም፣ እኔም አልሄድኩም። ከዚያ በኋላ የዛሬን ያህል አፍሬ አላውቅም ማለት አልችልም፤ በየቀኑ አፍራለሁ።

አያቴም እናቴም አርፈዋል። አባቴ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ ዓይኑ በሞራ ተጋርዷል፣ ብርሃንና ጥላ ይለያል። ባለፈው ወር ረፋዱ ላይ ሽመናዬ ላይ ሳለሁ ፔንታያ መጣ። ቆሻሻዬ ያልነው ልጅ ዛሬ ትልቅ ከተማ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚሠራው። ከሱ ጋር አንድ ባልደረባው ነበር፤ በባሕር ጠረፍ ያደገ፣ የኛን አገር ነገር የማያውቅ፣ ጨዋ ልጅ። የድሮ የሳተላይት ሥዕሎችን እያወጣ የሚያጠና ነው።

"አባዬ፣ ምን እንዳመጣሁልህ ገምት" አለ ፔንታያ። አንድ ትልቅ ወረቀት አባቴ ጭን ላይ ዘረጋ። "ራላኩንታ ነች። እኔ በምወለድበት ዓመት፣ ከመወለዴ በፊት በብርዱ ወራት የተነሣች። ያኔ የተሰቀለችው ሳተላይታችን ያነሣቻት ናት። አክካ፣ ነይ እዪ።"

ታላቅ እህት አክካ ትባላለች። ሄድኩ።

ግራጫና ሰማያዊ። ኩሬውን ለየሁት፣ ኮረብታውን ለየሁት። ከኮረብታው ሥር ቀይ አለ። ሠላሳ ዓመት ቀይ ሐር ስሸምን ኖሬያለሁ፣ ቀይ በስንት ዓይነት እንደሚመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይሄ የእሾህ ቀይ አልነበረም። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ አራት ማዕዘን፣ ወንድ አያቴ እንደካበው ነበር።

"የሥዕሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ ሠላሳ ስድስት ሜትር ናት" አለ ፔንታያ። "ቁጠሪያቸው። ዘጠኝ ነጥብ። ይሄ ሰብል ነው፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም። አየሽ አክካ፣ ሳተላይቷ አይታናለች። መስክራልናለች። የዋሸው እዚያ ምድር ላይ የነበረ ሰው ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማነው እሾህ ያለው? ያን ሰው በሕይወት ካለ አግኝቼ 'ለምን?' ብዬ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።"

ጉንጩን አየሁት፤ ጥላሸት ይነካበት የነበረውን ቦታ። ለምን እንደሆነ ከፊቴ ቆሞ ይጠይቀኛል። ጆሮዬ ሲቀላ ተሰማኝ። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። "አባዬ" አልኩ። "ያን ቀን ሰውዬው ሲመጣ…"

እንግዳው ልጅ መናገሬን አላስተዋለም። ሽማግሌ ማስደሰት ፈልጎ ወደ አባቴ ጎንበስ አለና ጮክ ብሎ፣ "አባባ፣ እርሻዎ እንዴት ያምር ነበር፤ በአካባቢው ካለው ሁሉ የርስዎ ነው ለምለሙ" አለ።

የአባቴ እጅ ወዲያው ተነሣ። በዳበሳ ሥዕሉን አገኘው፣ ቀዩን መዳፉ ሥር አደረገው። ወደ ጎን እንትፍ አለ።

"የምን ማማር አመጣህ ልጄ" አለ። "ድንጋይ ነው። ምንም አይበቅልበትም።"

ፔንታያ አባታችንን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ደግነቱ እንግዳው እርሳስ አልያዘም ነበር።